የሟች ወዳጅን መታሰቢያ በሚወደው ቦታ ስለ ማኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖሩ፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያረፈባቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ተዝካርና ሙት ዓመት ካወጣን በኋላ ሌላ መታሰቢያ ያስፈልጋል?

ግዴታ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባለ የሚደረገው ጸሎትና ምጽዋት ለነፍስ የሚደረግ በመሆኑ፣ በአንድ ቦታ የሚቀመጥ ዕቃ ወይም የሚተከል ዛፍ ያንን አይተካም፤ ያንን የፈጸመ ቤተሰብም ሌላ ነገር ባለማድረጉ የቀረበት የለም። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ተነሥቶ እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሟቹ ስም ከቤተሰቡ ውጭም እንዲጠራ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው።

ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ድግሱን አነስ አድርጎ የተረፈውን ለሚቆይ ነገር ማዋል የሚያሳፍር አይደለም። ሰንጋ ተጥሎ፣ ጠላና ጠጅ ተጠምቆ ጎረቤት የሚያወራለት ተዝካር ብዙ ጊዜ ለመበለቲቱ ዕዳ ትቶ እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። የነፍስ አባትን አማክሮ ጸሎቱንና የነዳያኑን ምግብ ሳያጓድሉ ሌላውን መቀነስ ይቻላል።

ቦታውን እንዴት እንምረጥ?

ሟቹ በሕይወት ሳለ ያዘወትረው የነበረና ዛሬም ጠባቂ ያለው ቦታ ይመረጣል። ሁለቱም ነገሮች አስፈላጊ ናቸው፤ ይበልጥ የሚዘነጋው ግን ሁለተኛው ነው። ሰዎች የወንዝ ዳር፣ የገደል አፋፍ ወይም የመንገድ ጠርዝ ይመርጡና ዕቃውን አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ ጠባቂ የሌለው መታሰቢያ ግን አንድ ክረምት ሳያልፍበት ቆሻሻ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ «ይህን ነገር ነገ የሚያየውና የሚያነሣው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደብር፣ መስጊድ፣ የተማረበት ወይም ያስተማረበት ትምህርት ቤትና የሠራበት ጤና ጣቢያ የተለመዱ ምርጫዎች ናቸው። ከሁሉም የሚረሳው እድር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የእድር ጸሐፊ ወይም ዳኛ ሆኖ ላገለገለ ሰው ጥቂት ወንበሮች ወይም አንድ ትልቅ ብረት ድስት ገዝቶ መስጠት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ሆኖም በየልቅሶው የሚወጣና የሚገባ መታሰቢያ ነው። በእድር ዕቃ ላይ በቀለም መጻፍ የቆየ ልማድ ስለሆነ ከወንበሩ ጀርባ የሟቹን ስም ማከል ማንንም አያስገርምም።

መቼ ቢደረግ ይሻላል?

በሐዘኑ ሰሞን የተወሰነ ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚያጸጽት እስከ ሙት ዓመቱ መቆየቱ ይመከራል። ብቸኛው ልዩ ሁኔታ ዛፍ ነው፤ ዛፍ የሚተከለው ቤተሰቡ በሚመቸው ቀን ሳይሆን ዝናቡ በሚፈቅደው ወቅት ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ምን መስጠት ይቻላል? ማንንስ እናነጋግር?

መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መቋሚያና የቅዳሴ መጻሕፍት የተለመዱ ስጦታዎች ናቸው። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲያጽፉ የአጻፊውና የወላጆቹ ስም በጸሎቱ መካከል እንዲገባ ያደርጉ ነበር፤ በጥንታውያን የግድግዳ ሥዕሎች ግርጌም ሥዕሉን ያሣለው ሰው ተደፍቶ ሲማጸን ይታያል። ስለዚህ የሟች ስም ያለበትን ንዋየ ቅድሳት መስጠት ትናንት የመጣ ፈሊጥ አይደለም። የሚጻፈው ግን የክርስትና ስም ሊሆን ይገባል፤ ሟቹ በሰፈር የሚጠራበት ስም በጸሎት አይጠቀስምና።

ከመግዛት በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይገባል። በአንዳንድ የከተማ አድባራት ዕቃ ቤቱ በምንጣፍና በመጋረጃ ተጨናንቆ ሳለ ገጠር ያለው ደብር ጧፍና ዘቢብ አጥቶ ቅዳሴ ይታጎልበታል፤ ሟቹ የተወለደበትን አጥቢያ ማስታወስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የተሰጠው ዕቃ በንብረት መዝገብ እንዲገባና የገቢ ደረሰኝ እንዲቆረጥለት መጠየቅ አለመተማመን አይደለም፤ ዕቃው ከአስተዳዳሪ ወደ አስተዳዳሪ ሲተላለፍ ስሙ የሚቆየው በመዝገቡ ነው።

ሟቹ ራሱ ይጠቀምበት የነበረ ዕቃ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ብዙ ይናገራል። አንድ መሪጌታ ሲያርፉ ልጆቻቸው አዲስ ምንጣፍ ሊገዙ ካሰቡ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው መቋሚያቸውን ለደብሩ ሰጡ። የመቋሚያው ራስ ለዘመናት ብብትና አገጭ አርፎበት ለስልሶ እንደ ቀንድ ያብለጨልጫል፤ ከአንገቱ ሥር በቀጭን ብረት የክርስትና ስማቸው ተጭሮበታል። ዛሬ በማኅሌት ሌሊት ቀድሞ የደረሰ ዲያቆን ያነሣዋል፤ ስሙንም ጣቱ ስለሚያገኘው «ማን ነበሩ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ሟቹ ሙስሊም ከሆነስ?

ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገሮች በቀር ይቋረጣል፤ እነርሱም ቀጣይ ምጽዋት፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው የሚለው የታወቀ ሐዲስ መንገዱን ያሳያል። በመቃብር ላይ ዕቃ ከማኖር ይልቅ ሰደቃ ጃሪያ የሚባለው ቀጣይ ምጽዋት ይመረጣል፤ ለምሳሌ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ለመድረሳ ቁርኣንና ኪታብ መስጠት፣ ለመስጊድ የዉዱእ ማድረጊያ ቧንቧ ማስገባት። ቦታንም ወቅፍ ማድረግ፣ ማለትም ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው መስጠት ይቻላል፤ ይህ ግን ከመስጊዱ ኮሚቴ ጋር በጽሑፍ መያዝ አለበት።

በመቃብሩ ላይ ምን ማስቀመጥ ይፈቀዳል?

በመጀመሪያ የመቃብሩ አስተዳደር ምን እንደሚፈቅድና ቦታው የጊዜ ገደብ ያለው መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በከተማ የመቃብር ቦታ ጠባብ ስለሆነ ውድ የእምነ በረድ ሐውልት ከማሠራት በፊት ይህን አለማጣራት ትልቅ ኪሳራ ያስከትላል። በኦርቶዶክስ መቃብር አበባ፣ ጧፍና ፎቶግራፍ የተለመዱ ናቸው። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት መቃብር ላይ መገንባትንና ማስጌጥን አይፈቅዱም። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ በአይሁድ መቃብር ላይ ጠጠር ተደርድሮ ብታዩ ልጆች የተጫወቱበት አይምሰላችሁ፤ የጎበኘ ሰው የሚያኖረው መታሰቢያ ስለሆነ አይነሣም።

ስለ ፎቶግራፍ አንድ ነገር እንጨምር። ላሚኔት ተደርጎ በመስቀሉ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ አንድ ክረምት ከርሞ በጠርዙ ውኃ ይገባዋል፤ በበጋው ፀሐይ ቀዩ ቀለም ቀድሞ ይጠፋና የሟቹ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በሸክላ ላይ የተጋገረ ፎቶ ዋጋው ከፍ ቢልም ብዙ ዘመን ይቆያል። አቅም ከሌለ ፎቶውን ቤት አስቀምጦ በድንጋዩ ላይ ስሙን ብቻ በጥልቀት ማስቀረጽ የተሻለ ነው።

በስሙ ዛፍ ልንተክል እንፈልጋለን፤ ምን ዓይነት ዛፍ ይሻላል?

አገር በቀል ዛፍ ይመረጣል። በደጋ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ፣ በወይና ደጋ ዋንዛና ዝግባ ይስማማሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ከቀሩት የአገር በቀል ደኖች ብዙዎቹ የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ስለሆነ፣ በደብሩ ቅጥር ውስጥ የሚተከል ጽድ ወይም ወይራ ከቦታውም ከታሪኩም ጋር ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ብዙዎችን ያጓጓል፤ ነገር ግን ውኃ የሚመጥጥ፣ ሥሩ አጥር የሚገፋና በመጨረሻም ለማገዶና ለአጣና የሚቆረጥ ዛፍ ነው። ለመታሰቢያ የሚተከለው መቆረጥን የማያስመኝ ቢሆን ይሻላል።

መትከያው ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ ነው። ጉድጓዱ አስቀድሞ ይቆፈር፤ ችግኙ ያለበት ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ፤ ይህን ረስተው ከነፕላስቲኩ የሚቀብሩ ሰዎች ቁጥር ያስገርማል፤ እንዲህ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ተጠምጥሞ ይሞታል። ፍየል እንዳይበላው በእሾህ ይታጠር።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ከጥቅምት በኋላ ነው። ችግኝ የሚሞተው ዝናብ ባቆመባቸው ወራት በመሆኑ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣ ሰው ካልተገኘ ባይተከል ይሻላል። ከውጭ አገር መጥተው ለሁለት ሳምንት ቆይተው የሚመለሱ ሰዎች ለአቃቢቱ ወይም ለደብሩ ዘበኛ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ቢልኩ የችግኙ ዕድል በእጅጉ ይጨምራል። ዛፉ ቢደርቅስ የሚለው ፍርሃት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ በአንድ ቦታ ሦስት ወይም አራት ችግኝ ተክላችሁ የጸደቀውን የእርሱ በሉት።

መጻሕፍቱንና ደብዳቤዎቹን የት እንስጥ?

ተራ መጻሕፍትን ሟቹ ለተማረበት ትምህርት ቤት ወይም ለወረዳው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መስጠት ይቀላል። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሕዝብ በተሰበሰበ መጽሐፍ ጭምር የተደራጀ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ወመዘክር ተብሎ የሚታወቀው የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለታሪክ ፋይዳ ላላቸው ሰነዶች ይበልጥ ተስማሚ ናቸው። ከመስጠት በፊት የመጻሕፍቱን ዝርዝር አዘጋጅቶ መላክ የተቋሙንም የቤተሰቡንም ጊዜ ያተርፋል፤ በየመጽሐፉ የውስጥ ገጽም የሟቹን ስም የያዘ ትንሽ ማኅተም መምታት ይቻላል።

ለጥናት ወይም ለታሪክ የሚጠቅም ደብዳቤ፣ ማስታወሻ ደብተርና ፎቶግራፍ በቤት ከማኖር ይልቅ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ይሻላል። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የወጣቶች ፎቶግራፎች ያየ ሰው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀረ አንድ ጉርድ ፎቶ ከሌሎች ጎን ሲሰቀል ምን ያህል እንደሚከብድ ይረዳል።

የአያታችንን የብራና መጽሐፍ ወደምንኖርበት አገር ወስደን በቤተ ክርስቲያናችን ብናኖረውስ?

ያለ ፈቃድ አይቻልም። የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ጥንታዊ ብራና ደግሞ በግል ቤት ቢገኝም ቅርስ ነው። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም በአውሮፕላን ጣቢያ ፍተሻ ላይ ቅንነትን ማስረዳት ከባድ ነው። መጽሐፉን ለተወለዱበት ደብር ወይም ለወመዘክር ሰጥቶ በውጭ ላለው ቤተ ክርስቲያን በጥሩ ጥራት የተነሣ ቅጂ ማኖር ሁለቱንም ያስማማል።

ተራራ መውጣት ይወድ ነበር፤ ዕቃውን በተራራው ጫፍ ብናኖርለትስ?

ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን ወይም የስሜን ተራሮችን የሚወዱ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቃሉ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ስለሆነ ሰሌዳ መትከል፣ በድንጋይ ላይ ስም መጻፍ ወይም ልብስ ትቶ መምጣት አይገባም። ጨርቅና ፕላስቲክ በብርድ አገር ቶሎ አይበሰብስም፤ የተተወ ምግብ ደግሞ ጭላዳንና ሌሎች እንስሳትን ሰው መለማመድ ያስተምራል።

ሸራ ጫማውን ወይም ባርኔጣውን ይዞ ወጥቶ፣ በጫፉ ላይ ተቀምጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ዕቃውን መልሶ ይዞ መውረድ ግን ማንም አይከለክልም። መስጠት የሚፈልግ ሰው በደባርቅ ወይም በተራራው ሥር ላሉ የመንደር ትምህርት ቤቶች በሟቹ ስም ደብተርና መጽሐፍ መስጠት ይችላል፤ ሟቹን ያስጎበኙ የነበሩ መንገድ መሪዎችና የበቅሎ ነጂዎች ልጆቻቸው የሚማሩት እዚያ ነው።

በአሜሪካ ነው የምንኖረው፤ በልደቱ ቀን ፊኛ መልቀቅ እንችላለን?

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሆን ብሎ ፊኛ ወደ ሰማይ መልቀቅ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሕግ የተከለከለና ቅጣት የሚያስከትል ነው፤ ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። ፊኛው ወርዶ የባሕር እንስሳት ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ጧፍ ማብራት የራሳችን ልማድ ሆኖ ሳለ ፊኛ መፈለጋችን ራሱ ትንሽ ያስገርማል።

ከአገር ቤት አፈር አምጥተን በመቃብሩ ላይ ብንነሰንስስ?

በስደት ለሞተ ሰው የአገሩን አፈር መመኘት የሚገባ ነገር ነው፤ ሆኖም አፈር የእፅዋት በሽታና ነፍሳት ስለሚያስተላልፍ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲገባ አይፈቅዱም። በሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማስገባት መወረስንና ቅጣትን ያመጣል። የተቆላ ቡና፣ የጥጥ ነጠላ ወይም ከደብሩ ደጃፍ የተነሣ ፎቶ ይህ ችግር የለበትም። ከመንገድ በፊት የሚሄዱበትን አገር የጉምሩክ ሕግ ያንብቡ፤ የያዙትንም በግልጽ ያስመዝግቡ።

አስከሬኑ ያልተገኘ ወይም መቃብሩ የማይታወቅ ሰው የት ይታሰብ?

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ሲበር ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ ቤተሰቦች አስከሬን ባለማግኘታቸው ከቦታው አፈር ተሰጥቷቸዋል፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም በባዶ የሬሣ ሣጥኖች ሥርዓተ ቀብር ተፈጽሟል። ባዶ ሣጥን መቅበር ከንቱ ነው የሚል ሰው ያን ቀን እዚያ የነበሩትን እናቶች ቢጠይቅ መልሱን ያገኛል። ሰው የሚሄድበት፣ አበባ የሚያኖርበት የተወሰነ ቦታ ያስፈልገዋል።

በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድ ላይ ለሞቱት ቤተ እስራኤላውያን፣ ቁጥራቸው ወደ 4,000 እንደሚደርስ የሚነገርላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቷል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰቡበታል። መቃብሩ በበረሃ የቀረ ሁሉ በዚያ አንድ ቦታ ይለቀስለታል።

በዓረብ አገር ሠርታ ስትኖር የሞተች እኅት እዚያው ተቀብራ ከሆነ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ መቃብር ብዙ ጊዜ ስም ስለማይጻፍበት ቤተሰቡ ሄዶ ቢፈልግ እንኳ ላያገኘው ይችላል። በዚህ ጊዜ በተወለደችበት መንደር፣ በደብሩ ቅጥር ወይም በመስጊዱ ግቢ በአስተዳደሩ ፈቃድ ስሟና የልደት ዘመኗ ያለበት ድንጋይ ማቆም ወይም በስሟ ቧንቧ ማስገባት ይቻላል። ለቤተሰቡ የላከችው ገንዘብ የሠራው ቤት በቆርቆሮው እየታየ ስሟ የትም ካልተጻፈ ያሳዝናል።

ቤተሰቡ ካልተስማማስ?

በቅድሚያ ዕቃው የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ውርስ እስኪጣራና እስኪከፋፈል ድረስ የሟቹ ንብረት የወራሾቹ ሁሉ የጋራ ስለሆነ፣ አንደኛው ልጅ ብቻውን ተነሥቶ የአባቱን ሰዓት ለሙዚየም ወይም ካባቸውን ለደብር ሊሰጥ አይችልም። ብዙ ጠብ የሚነሣው ዋጋ ባለው ዕቃ ሳይሆን በነጠላ፣ በመቁጠሪያ፣ በጀበና ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ «እናቴ ለእኔ ነው የምትሰጠው» ብሎ ያምናልና። ሽማግሌ ቢያስፈልግም አያሳፍርም።

ሁለተኛው የአለመግባባት ምንጭ ሃይማኖት ነው። አንዱ ወንድም ጴንጤ፣ ሌላው ኦርቶዶክስ ሲሆን ጧፍና ተዝካር ያጨቃጭቃል። ቀዳሚው መመዘኛ የልጆቹ ሳይሆን የሟቹ እምነት ነው። ለዚያ የማይመቸው ልጅ በራሱ መንገድ፣ ለምሳሌ ለትምህርት ቤት ወይም ለዛፍ ተከላው ወጪውን በመሸፈን ሊሳተፍ ይችላል።

ያኖርነው ዕቃ ቢሰረቅ ወይም ቢነሣ ምን እናድርግ?

ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። በኮንሶ ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆሙት ዋካ የተባሉ የእንጨት ቅርጾች ብዙዎቹ ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ለባዕዳን ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ በካራት ሙዚየም ተጠብቀው የሚታዩት የተረፉት ናቸው። በከተማም ነሐስና ብረት የሆነ ሰሌዳ ሌሊት ተነቅሎ ለቆራሌው መሸጡ የተለመደ ነው። ስለዚህ ስም የሚጻፍበት ነገር ድንጋይ ይሁን፤ ከብረት መሠራት ካለበትም በቡሎን ሳይሆን በሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ይቁም።

ሁሉም መነሣት ግን ስርቆት አይደለም። በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1982 በተመረቀው የቪየትናም ዘማቾች መታሰቢያ ግንብ ሥር ሰዎች የሚተዉትን ደብዳቤ፣ ጫማና ሜዳሊያ የፓርኩ ሠራተኞች በየጊዜው ያነሡታል፤ የሚበሰብሰው ተለይቶ የሚቆየው በሜሪላንድ በሚገኝ መጋዘን ተመዝግቦ ይቀመጣል። በሌላ ቦታ ያኖራችሁት ዕቃ ከተነሣ መጀመሪያ የቦታውን አስተዳደር ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በዕቃ ቤት ተቀምጦ ይገኛል። ዕቃውን ከማኖራችሁ በፊት ከፊትና ከጀርባ ፎቶ አንሡት፤ የተሰጠበትን ቀን፣ የተቀበለውን ሰው ኃላፊነትና የደረሰኙን ቁጥር በቤተሰብ ደብተር ጻፉ፤ ሊተካ የማይችለውን ዕቃ ደግሞ በቤት አስቀርታችሁ ሌላውን ስጡ።